ጋሼ ታደሰ፣ የመርከብ መንገደኞቹና የአባት ስም

ከካሊፎርኒያ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ድልድዩና ስለ ፎቁ ነው። ድልድዩን ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ቀይ ነው፣ ግማሹን ጉም ውጦታል። ስለ ፎቁ ብዙ የምለው የለኝም። እኔ የሄድኩት ወንድሜን ለማየት ነው፣ ያየሁትም እሱን ነው። ይህን የምጽፈው ያን መንገድ ላላዩት፣ ምናልባትም ለማያዩት ጎረቤቶቼ ስለሆነ፣ ፎቅ የፈለገ ሰው ከቴሌቪዥን ይይ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ታደሰ ልጅ ሰላም ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ ነርስ ናት። አባቷ ግን ኦክላንድ ነው፣ ብቻውን።

"አክስቴ፣ አባዬ እየረሳ ነው" አለችኝ። "እማዬ ከሞተች ወዲህ ብሶበታል። ቁልፍ ይረሳል፣ ስቶቩን ሳያጠፋ ይወጣል። እዚህ ሩም አዘጋጅቼለታለሁ፤ ሙቭ አድርግ ስለው ይቆጣኛል። እኔማ ልጁ ነኝ፣ መች ይሰማኛል! አንቺ ነይና እዪው። ደህና ነው ካልሽኝ እተወዋለሁ። አይደለም ካልሽ ደግሞ አብረሽኝ ንገሪው። ያንቺን ቃል እቀበላለሁ፣ ፕሮሚስ።"

እንግዲህ ፍረጂ መባሌ ነው። የሚፈረድበት ሰው ደግሞ ጋሼ ነው። አባታችን ውብሸት ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን ያልቀየርኩ ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ያስመዘገበኝ ጋሼ ነው፤ ስታመም አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ በሱዳን በኩል ከወጣ በኋላ እንኳ የጫማዬን ቁጥር በደብዳቤ ይጠይቀኝ ነበር። ቪዛው እስኪሰጠኝ ድረስ ባይሰጠኝ እያልኩ ስጸልይ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ ዕለት በሌሊቱ አውቶቡስ ተነስቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ አለ፤ ከልብስ የያዝኩት ጥቂት ነው። ቦሌ ሲመዘን ልቤ ቆመ፣ አለፈልኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ውቅያኖሶችን በጠመኔ ስስል ኖሬ አንዱንም አይቼ አላውቅም ነበር። ሰሌዳ ላይ አትላንቲክ በአንድ ክንድ ያልቃል። በመስኮት ሳየው ግን አላልቅ አለ፤ መጋረጃውን ዘጋሁና ድርሳኔን አወጣሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ጫማውን አውልቆ ተኝቷል። ምቀኝነት ያዘኝ።

ቅዳሜ ሳን ፍራንሲስኮ ደረስኩ። ሻንጣዎቹ በሚዞሩበት ቦታ አንዲት ሴትዮ የኔን ሻንጣ ይዛ መንገድ ጀምራለች። ስሜ የተጻፈበት ወረቀት መንገድ ላይ ተቀዷል፤ የሷም ጥቁር፣ የኔም ጥቁር። ተከራክረን ስንከፍተው በርበሬው መሰከረልኝ። ሴትዮዋ አስነጠሳት፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ሁለታችንም ይቅርታ እየተባባልን ተለያየን።

ስወጣ ጋሼ የለም። ሰላም ልትቀበለኝ ብትፈልግ "እህቴን የምቀበለው እኔ ነኝ" ብሏት ነበርና እሷም የለችም። ሰው ሁሉ እየተቃቀፈ ሄደ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ስልኬ እዚያ አገር አልሠራ አለ። ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም፣ አቅመ ደካሞችን በተሽከርካሪ ወንበር የሚያመላልስ አንድ ጎልማሳ ፊቴን አየና ቆመ።

"እናቴ፣ ሰው ጠፋብዎት እንዴ?"

አማርኛውን ስሰማ ማልቀስ ቃጣኝ። ዳሊ ሲቲ ነው የሚኖረው፤ በዲቪ ከመጣ ብዙ አልቆየም። "ቁጥሩን ይስጡኝ፣ ኮል ላድርግልዎ" አለና ደወለ። ጋሼ አነሳ። ኦክላንድ ኤርፖርት ቆሞ እኔን እየጠበቀ ነው!

"ኖ ፕሮብሌም እናቴ፣ ብሬክ ላይ ነኝ፤ እስኪመጡ አብሬዎት እቀመጣለሁ" አለኝ ልጁ። ሻይ ገዛልኝ። ወረቀት ብርጭቆ ውስጥ ነው፣ ስኳሩ ለብቻው። የእረፍቱን ሰዓት እኔ ላይ ጨረሰው። ስሙን እንኳ አጥርቼ አልያዝኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጋሼ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ አረማመዱ ግን ያው የድሮው ነው። አቅፎኝ ብዙ ቆየ።

"ሳን ፍራንሲስኮ ብዬህ ነበር እኮ ጋሼ።"

"ብለሽኛል። ዕድሜዬን ታክሲ የነዳሁት ኦክላንድ ኤርፖርት ነው፤ መሪውን ስይዝ ወደዚያው ሄድኩ። ልማድ ነው።"

ልማድ ነው? መርሳት ነው? መኪናው ውስጥ ገብቼ ይህን ሳሰላስል ረጅሙን የባሕር ድልድይ ጀመርን፤ ቀበቶዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። መንዳቱን ግን ምን ልበል፣ የደሴን መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ እንደሱ ቢነዱ ተዝካር በቀነሰ።

ቤቱ አንዲት መኝታ ክፍልና ሳሎን ናት። አልጋውን ለኔ ለቆ እሱ ሶፋ ላይ ተኛ፤ ብለምነው ብለምነው እንቢ አለ። እሑድ ጠዋት ሽሮ ልሠራ ኩሽና ስገባ ከምድጃው በላይ በእጅ ጽሑፉ "አጥፋ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሩ ላይ "ቁልፍ" የሚል። ብልህ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ብልህ ሰው ምን አስጨንቆት ይህን ይለጥፋል ብዬ ፈራሁ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ነበርኩ፤ ያየሁት ነገር ሁሉ ሁለት ፊት አለው።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሩ ላይ አንድ ፌስታል ሎሚ ተንጠልጥሎ አገኘን። ጎረቤቱ ያሉት ቻይናዊት አሮጊት ናቸው ያስቀመጡት። ቋንቋ አይግባቡም፤ እሳቸው ሎሚ ይሰጡታል፣ እሱ የቆሻሻ ገንዳቸውን ያወጣላቸዋል። እኛ ሰፈር ሎሚ የሚገዛው ሲታመሙ ነው፤ እዚያ ጓሮ ወድቆ ይበሰብሳል።

ሰኞ "ሥራ ልውሰድሽ" አለኝ። ጡረታ ወጥቶ የምን ሥራ እንደሆነ ግራ ገባኝ። በአውቶቡስ ሄደን አንድ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ከኋላ ባለች ክፍል ውስጥ ሽማግሎችና አሮጊቶች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ሥራቸው የድሮ መርከቦችን የመንገደኛ መዝገብ መገልበጥ ነው። በየዘመኑ ወደ አሜሪካ በመርከብ የገባው ስደተኛ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ የመጣበት መንደር በመርከቡ ጸሐፊ እጅ ተጽፏል። ገጾቹ ፎቶ ተነስተዋል፤ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ያንን የእጅ ጽሑፍ እያነበቡ ኮምፒውተር ላይ ይጽፉታል፣ የልጅ ልጆቻቸው ፈልገው እንዲያገኟቸው። አንዱን ገጽ ሁለት ሰው ሳይተያዩ ይጽፉታል። ጽሑፋቸው ካልገጠመ ሦስተኛ ሰው ይዳኛል።

"ያለ ደሞዝ?" አልኩት።

"ያለ ደሞዝ። እኔ ስገባ ስሜን የጻፈችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እነዚህን ደህና አድርጌ ልጻፋቸው ብዬ ነው።"

ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ይመስላል። ጋሼ ግን እንደ ዳዊት ያነበዋል። "ይሄ አናጢ ነው። ይቺ ገረድ ናት፣ ብቻዋን ነው የመጣችው፤ አየሽ?" እያለ ያስተዋውቀኛል። ዓይኑ ያበራል። አልረሳም፣ ምንም አልረሳም ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ ደስታዬ አበቃ። የክፍሉ ኃላፊ ካሮል የምትባል ሽበታም ሴት ናት። ጋሼ ምሳ ሊገዛ ሲወጣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የጋሼ ገጾች ከሁለተኛው ጸሐፊ ጋር አልገጥም እያሉ ይመለሳሉ። ዓርብ መወሰን አለባት፤ ወይ እሱ ራሱ ያርማቸዋል፣ ወይ ለሌላ ሰው ሰጥታ እሱን ታሳርፈዋለች። "እኔ ከምጠይቀው ቤተሰብ ቢጠይቀው ይሻላል" አለችኝና ከፖርቱጋል የመጡ መንገደኞች ያሉበትን አንዱን ገጽ ከፈተችልኝ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ማኑኤል ሲልቫ፣ ገበሬ። ማሪያ፣ ሚስት። ጆዜ ማኑኤል፣ ልጅ። ሮዛ ማኑኤል፣ ልጅ። ስህተት አጣሁበት።

"ደህና እኮ ነው" አልኳት በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ። "የሚስቲቱ አባት ስም ብቻ ነው የጎደለው።"

ካሮል መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ከዚያ ዋናውን ፎቶ አሳየችኝ። ከሲልቫ በታች፣ በሚስቲቱም በልጆቹም መስመር ላይ፣ ሁለት ሁለት ትናንሽ ጭረቶች አሉ። "ከላይ እንዳለው" ማለት ነው። ስለዚህ ሚስቲቱም ሲልቫ፣ ልጆቹም ሲልቫ።

ይሄኔ ገባኝ፣ ሳቄም መጣ። እኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ሚስትም አግብታ የባሏን አባት ስም አትወስድም፣ የራሷ አባት አላት አልኳት። ጋሼ ፖርቱጋሎቹን ሁሉ የኛ አገር ሰው አድርጓቸዋል! ካሮልም ከት ብላ ሳቀች፤ እጄን ያዘችኝ። ፍርዴ ተገኘ፣ ባህል ነው እንጂ ሌላ አይደለም ብዬ ልቤ ቁጭ አለ።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዘነበች፣ ለብዙ ዓመት እኮ ልክ አድርጎ ነው ሲጽፍ የኖረው" አለችኝ።

ጋሼ ሳንድዊች ይዞ ገባ። ዳቦው ደረቅና ኮምጣጣ ነው፤ የነሱ ከተማ የሚታወቅበት ነው አለኝ። የኛን ድፎ አስቤ ትንሽ ቆረስኩና የቀረውን በወረቀቱ መልሼ ጠቀለልኩት።

ረቡዕ ሳን ሆዜ ሄድን። ባቡሩ ባርት ይባላል፤ አንዳንድ ቦታ ከመሬት በታች ገብቶ ሲጮህ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው ግን ስልኩን እያየ ዝም ብሏል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰላም ተቀበለችን። ሰፈሯ ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አላየሁም። ደብረ ብርሃን እንዲህ ጭር የሚለው ሰው ሲቀበር ነው። ለአባቷ ያዘጋጀችው ክፍል አልጋው ተነጥፎ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ፣ የእናቷ ፎቶ ከራስጌው ተሰቅሎ ይጠብቃል። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አየውና "ጥሩ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ይተኛበታል" አለ።

ሰላም በቂጣ የተጠቀለለ ሩዝና ባቄላ ገዝታ መጥታ ነበር፤ ከየት እንደሚገመጥ ሳላውቀው ልብሴ ላይ ፈሰሰ። ኩሽና ወስዳ ስትጠርግልኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች "ሶ? ምን አየሽ አክስቴ?" አለችኝ።

ስለ ኤርፖርቱ፣ ስለ ወረቀቶቹ፣ ስለ ገጾቹ ነገርኳት። ስለ ገጾቹ ግን ግማሹን ነው። ባህል ነው አልኩ፤ ካሮል የጨመረችውን ዋጥኩት።

"ዳትስ ኢት? የአባት ስም ስለሰጣቸው ነው?" እያለች ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እንቅልፍ እኮ የለኝም።"

በመልሱ ባቡር ጋሼ ሲያንቀላፋ እያየሁት መጣሁ። ምድጃው ሳይጠፋ ቀርቶ አንድ ነገር ቢሆን ለዚች ልጅ ምን እላታለሁ? እውነቱን ብናገር ደግሞ ያሳደገኝን ሰው ከቤቱ ነቅዬ ሰው በእግሩ በማይሄድበት ሰፈር ልዘጋበት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከተማው መሃል ባለው ሐይቅ ዳር ወሰደኝ። ጉሙ እንደ ደብረ ብርሃን ጉም ነው፣ ብርዱ ግን ልጅ ነው። ዝይዎች መንገዱን ዘግተው ሰውን ይገላምጣሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ መዝገቡ ላይ ልጆቹን ለምንድነው በአባታቸው ስም የምትጽፋቸው?"

"የትኞቹን ልጆች?"

ነገርኩት። የማኑኤልን ልጆች፣ ሌሎቹንም። ፊቱን ሳይ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት?" አለ።

"አንተ ነህ።"

ከዝይዎቹ አንዷ እግሩ ሥር መጥታ ሄደች።

"አንዱን አውቄ ነው" አለኝ በመጨረሻ። "አንድ አባት ነበር፣ ከሴት ልጁ ጋር የተሳፈረ። ስሙ በቀለም ተሰርዟል፤ አጠገቡ ባሕር ላይ ሞተ ይላል። ከሱ ሥር ልጅቷ አለች፣ ትንሽ ናት፤ ሁለቱ ጭረት ብቻ ነው ያላት። ከላይ እንዳለው ይላል። ከላይ ያለው ሰው እኮ ተሰርዟል ዘኑ! ምኑን ትያዝ? የአባቷን ስም ጻፍኩላት። ስህተት እንደሆነ እያወቅኩ ነው የጻፍኩት።"

"ሌሎቹንስ?"

"ሌሎቹን አላውቅም።"

እጄን ያዘኝ።

"ለሰላም እኔ ልነግራት አልችልም፣ ልጄ ናት። አንቺ ንገሪያት። ለዚህ አይደል የመጣሽው? በርበሬ ላደርስ ነው እንዳትይኝ።"

ለካ ለምን እንደመጣሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ነው አልጋውን የለቀቀልኝ። እዚያው ወንበር ላይ ሻርፔን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሱ ነው ያባበለኝ።

ዓርብ ገጾቹን ሊያርም ተቀመጠ፤ እኔ ጎኑ ሆኜ መስመሩን በእጄ እያሳየሁት። ጆዜን ሲልቫ አደረገው፣ ሮዛን ሲልቫ አደረገው፣ ማሪያንም እንደዚያው። የሞተው ሰውዬ ልጅ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ካሮል ቆማ ታያለች።

"የመርከቡ ጸሐፊ ያለውን ነው የምንጽፈው" አለ ጋሼ ለራሱ፣ የአባቷንም ስም አጠፋው።

ሰላም ከሥራ ወጥታ ቤተ መጻሕፍቱ ስትመጣ፣ እሱ ባለበት ነገርኳት። ረቡዕ ግማሹን እንደደበቅኳትም ነገርኳት። "አባትሽ እየረሳ ነው። እሱም ያውቀዋል" አልኳት። አልተቆጣችኝም። ሄዳ ትከሻው ላይ ራሷን ጣለች። እሱም ሳን ሆዜ ልሂድ አለ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፣ መዝገቡን እንዳይተው። ካሮልም፣ ከልጁ ቤት ሆኖ መቀጠል ይችላል፣ አንድ ሰው ጎኑ ተቀምጦ መስመር በመስመር ከተከተለው አለች። ሰላም "እኔ እቀመጣለሁ" አለች። "ሐንድራይቲንጉን ማንበብ ባልችልም፣ አባዬ ያስተምረኛል።"

የቀሩት ቀናት ዕቃ በማሰር አለቁ። ጎረቤቱ አሮጊት ሣጥኖቹን አይተው ገባቸው፤ ሎሚ በሁለት ፌስታል አመጡለት፣ በሩ ላይ ቆመው ጎንበስ አሉለት። እሱም አገራችን እንደሚደረገው አጎንብሶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

የምመለስ ዕለት ሁለቱም ሸኙኝ። ጋሼ ሻንጣዬን መሬት ላይ አጋደመና "ዛሬስ ማንም አይወስድብሽም" ብሎ ከኪሱ ወፍራም እስክሪብቶና ካርቶን አወጣ። ተንበርክኮ ጻፈ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል። ከዚያ በሁለት ቋጠሮ እጀታው ላይ አሰረው። አየሁት።

ዘነበች ታደሰ ይላል።

ሰላምም አየችው። አፏን ስትከፍት እጇን ጭምቅ አደረግኩት። ጋሼ ቀና ብሎ "ተነበበ?" አለኝ።

"ተነብቧል ጋሼ" አልኩት። የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እንደ ትንሿ ልጅ አውቆ የጻፈው፣ ወይስ እንደ ሌሎቹ።

ቦሌ ስደርስ አንድ ፈታሽ ሻንጣዬን አስቆመው። ፓስፖርቴን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ መልሶ ፓስፖርቴን አየ።

"እናቴ፣ እዚህ ላይ ውብሸት ነው የሚለው። ታደሰ ማን ናቸው?"

"ያሳደገኝ ነው" አልኩትና ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።